አያቴ የጠረቧት አራስ

ባለፈው ዓመት ለመሥሪያ ቤት ስልጠና አንድ የአውሮፓ ከተማ ሄጄ ነበር። እሑድ ዕለት ባልደረቦቼ ጫማ ሊገዙ ሲበታተኑ እኔን ዝናብ አባረረኝና በቅርብ ያገኘሁት በር ውስጥ ገባሁ። ትንሽ ሙዚየም ነው፤ ከእንጨት የተጠረቡ የጌታ ልደት ምስሎች ብቻ የሚታዩበት። ክፍሉ ሁሉ ማርያምና ዮሴፍ፣ እረኛና በግ፣ ንጉሥና ግመል ነው። የሠሯቸው ገበሬዎች ናቸው አሉኝ፤ ብርዱ ከብቱንም ሰውንም ቤት ሲያስገባ ሥራ ሲፈቱ የጠረቧቸው።

መጀመሪያ የያዘኝ ሽታው ነው፤ የተፋቀ እንጨትና የቆየ ዘይት። እግሬ ቆመ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ቆሞ ሲያደንቅ እኔ በመስታወቱ ሣጥን ዞሬ ጀርባቸውን ለማየት አንገቴን አሰገግሁ። የአንዱ እረኛ ጀርባ ሳይጠረብ ቀርቷል፤ ቅርፊቱ እንኳ አልተላጠለትም። ሳቄ አመለጠኝ። ጥበቃዋ ሴትዮ መጥታ ገላመጠችኝ። በምን ቋንቋ ላስረዳት? ይሄን ነገር በአማርኛም ለማንም አውርቼው አላውቅም።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ሮቤ ተመድባ ታስተምር ስለነበር ያን ዓመት አሰላ፣ አያቶቼ ቤት ነው የከረምኩት። ወንዱን አያቴን፣ አቶ ደምሴን፣ አባባ እላቸው ነበር፤ ሚስታቸውን ወይዘሮ አስካለን ደግሞ እማማ። አባባን አንቱ፣ እማማን አንቺ። የምፈራው ግን እሷን ነበር።

አባባ እንጨት ጠራቢ ናቸው። በርጩማ፣ ሙቀጫ፣ ገበታ፣ ቀንበር ይሠራሉ። ሚስማር አይወዱም። በርጩማ ከአንድ ግንድ መውጣት አለበት፤ ሚስማር የገባበት በርጩማ እንደተጣፈ ሱሪ ነው ይላሉ። ከቤቱ ጎን ባለችው ዳስ ሥር ተቀምጠው ሲጠርቡ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ የእኔ ሥራ ፍቅፋቂውን መልቀምና በጠርሙስ ስባሪ ማለስለስ ነበር። የጠርሙሱን ስለታም ጠርዝ አጋድሞ ቀስ እያሉ ሲፍቁት እንጨቱ ዱቄት ያወጣል፣ እየቆየም እንደ ጉንጭ ይለሰልሳል። ከዚያ ኑግ ዘይት ይቀባል። ያን ዓመት ጣቴም ደብተሬም ኑግ ኑግ ይሸት ነበር።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ሲስተር ክላራ ዳሱ ድረስ መጣች። በከተማው ዳር ያለው የሚሲዮን ክሊኒክ አዋላጅ ናት፤ ጣሊያን። አማርኛ የተማረችው ምጥ ከያዛቸው ሴቶች ስለነበር ወንዱንም ሴቱንም አንቺ ነው የምትለው። አንቱታ ስለማታውቅ እኛም ልጆቹ አንቺ እንላታለን።

«አቶ ደምሴ፣ ደህና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ አባባ ሳቃቸውን ውጠው።

ሲስተር ጉዳይዋን ተናገረች። በየዓመቱ ለገና በጸሎት ቤታቸው የሚያቆሟቸው የእንጨት ምስሎች ነበሯቸው፤ ማርያም፣ ሕፃኑ፣ ከብቶቹ፣ ሰብአ ሰገል። ምስጥ በልቶ ጨረሳቸው። ከውጭ ማስመጣት ደግሞ በዚያ በደርግ ዘመን የማይታሰብ ነው። አሮጌ የገና ካርድ ከኪሷ አወጣችና «እንደዚህ። ለገና። ትሠሪልኛለሽ?» አለች።

አባባ መሮአቸውን አገላበጡ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «እሺ» አሉ።

ሲስተር ከግቢው ሳትወጣ እማማ ከጓዳ ወጣች።

«ጣዖት ልትጠርብላት ነው?»

«ቃል አለብኝ አስካለ። ያን ቀን ያልኳትን ሰምተሻል። አንድ ቀን ቢጠይቁኝ እምቢ አልልም ብያታለሁ።»

«ያን ቀን ልጄን ያተረፈችልኝ ማርያም ናት። ነጯ ጓንት ነው ያጠለቀችው።»

«ይቺ ልጅ ታዲያ በማን እጅ ወጣች? በነጯ እጅ አይደለም?»

«ያን ቀን» ያሉት እኔ የተወለድኩበትን ነው። እናቴ ሁለት ቀን አምጣ አልሆን ሲላት በቃሬዛ ክሊኒኩ ወስደዋት በሲስተር እጅ ተገላገለች። አባባ በሩ ላይ ቆመው ለሲስተር ያን ቃል ሰጡ። እማማ እዚያው በር ላይ ተንበርክካ ማርያምን ትለምን ነበር። አንድ በር ላይ ሆነው የተለያየ ሰው ሲያመሰግኑ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

ይሄን ሁሉ ግን ያኔ የነገረኝ የለም። እኔ የሰማሁት ሁለት ነገር ነው፤ እኔ በነጯ እጅ ወጣሁ፤ አባባ ቃል አለባቸው። ቁጭ ብዬ አሰብኩበትና ገባኝ። የነጯ ልጅ ነኝ። አያቶቼ ዘንድ በአደራ ተቀምጬ ነበር፣ አሁን ልትወስደኝ መጣች፣ አባባ ደግሞ በእኔ ፈንታ እንጨት ሊሰጧት ተስማሙ። እንጨቱ ካላለቀ እኔን ትወስዳለች። መስታወት ፊት ሄጄ ክንዴን አገላብጬ አየሁት። ከእማማ ክንድ ቀላ ያለ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሳያዘኝ ጠርሙስ እየሰበርኩ ዳሱ ሥር መገኘት ጀመርኩ።

ግንዱን የሰጡን በዴራ መንገድ በኩል የሚያርሱት ሐጂ ከድር ናቸው። ከማሳቸው ዳር የነበረ ትልቅ ዋንዛ ነፋስ ጥሎባቸው ነበር። አባባ ሊያስረዷቸው ሲጀምሩ እጃቸውን አነሡ።

«ያ ደምሴ፣ ግንዱን ውሰድ። ምን እንደምትሠራበት ግን አትንገረኝ» አሉ። ጭነን ልንሄድ ስንል ደግሞ ተከትለውን መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የመርየም ነገር ከሆነ አሳምረህ ሥራው» አሉ።

አባባ የጀመሩት በላሟ ነው። እግሮቿን አጥፋ የተኛች፣ የበርጩማ ቁመት ያላት ላም ወጣች። ለበርጩማ የለመደ እጅ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ጀርባዋ ጎድጎድ ያለና ለመቀመጫ የሚመች ነበር። መዘዙም ከዚያ መጣ።

እማማ የማርያም ማኅበርተኛ ናት። ኅዳር ሃያ አንድ ተራው የእኛ ነበር፤ የገና ጾም ከተያዘ ገና ስድስት ቀኑ። ላሟ እንዳትታይ ጆንያ አልብሳ ግድግዳ ሥር አስጠጋቻት። ሴቶቹ መጡ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ቤቱ ጢም ካለ በኋላ የነፍስ አባታችን መምሬ ጌታሁን ገቡ። ሁሉም ሊነሣላቸው ሲል «አትነሡ፣ አትነሡ፣ እዚህ ይበቃኛል» አሉና ጆንያው ላይ ተቀመጡ።

እማማ ጠላ መቅጃዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። መምሬ ተመችቷቸው ጠጡ፣ መከሩ፣ ስለ ጾም ተናገሩ። መጨረሻ ላይ ሊያሳርጉ ብድግ ሲሉ አንዱ ቀንድ የቀሚሳቸውን ጫፍ ያዘና ጆንያው አብሯቸው ተነሣ። ላሟ በሙሉ ግርማዋ ብቅ አለች። ግማሹ ሴት አማተበ፣ ግማሹ በነጠላው አፉን ሸፈነ።

«ደምሴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉ መምሬ።

አባባ ውሸት አያውቁበትም፤ ሁሉንም ተናገሩ። መምሬ ላሟን አንድ ጊዜ ዞሯት።

«ቤተ ክርስቲያናችን የምታውቀው ሥዕል ነው። ዙሪያውን ከጠረብከው ሥዕል መሆኑ ቀረ።»

«ፊቱን ብቻ ብጠርበውስ? ጀርባው ግንድ እንደሆነ፣ ከነቅርፊቱ ቢቀር?»

መምሬ ጢማቸውን ደባበሱ። «እንግዲህ ጀርባ ከሌለው፣ ግንድ ላይ የተሣለ ሥዕል ነው ማለት ነዋ» አሉ።

«ላሚቱስ? እሷ ዙሪያዋን ተጠርባለች» አለች ከማኅበርተኞቹ አንዷ። «እስራኤላውያን ያመለኩት ጥጃ አልነበረም እንዴ?»

መምሬ ቀሚሳቸውን አራገፉ። «እሷን ተዋት። ቄስ የተቀመጠባትን ማንም አያመልክም።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ያልሳቀች እማማ ብቻ ናት። የመጨረሻዋን እንግዳ ሸኝታ ስትመለስ በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

«በማኅበሬ ፊት አዋረድከኝ። እንግዲህ ስማኝ፤ ማርያምን! ይሄ ነገር አልቆ ከዚህ ቤት ከወጣ፣ የገናን ጾም ካንተ ጋር አልፈታም!»

አባባ የያዙት መጥረቢያ ከእጃቸው ወረደ። ከተጋቡ ጀምሮ አንድም ጾም ለየብቻ ፈትተው አያውቁም። አንድ ዓመት አባባ ለሥራ ዴራ ወርደው በፋሲካ ጠዋት መኪና ጠፍቶ ሲዘገዩ፣ እማማ እስከ ማታ ሳትቀምስ ጠብቃቸዋለች ይባል ነበር። በማርያም ስም ምላ ያጠፈችበት ጊዜ ደግሞ የለም። ስለዚህ ነገሩ ቁርጥ ሆነ፤ አባባ ወይ ለሲስተር የሰጡትን ቃል ይበላሉ፣ ወይ ገናን ብቻቸውን ይውላሉ። በማግሥቱ የዋንዛውን ሁለተኛ ጉማጅ አጋደሙ።

እማማም አኮረፈቻቸው፤ ቃል አታናግራቸውም። አንድ ቤት፣ አንድ ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው መልእክተኛዋ እኔ ሆንኩ።

«ለዚያ ለጠራቢ ሽሮው እንዳይቀዘቅዝበት በይው» ትለኛለች፤ ጠራቢው አንድ ክንድ እንኳ አይርቃትም።

«ለባለቤቴ እግዜር ይስጥልኝ በያት» ይላሉ አባባ።

እኔ ደግሞ ቀስ በቀስ ከራሴ መጨመር ጀመርኩ። «እማማ ብርድ እንዳይመታህ ጋቢህን ደርብ ብላለች» እላለሁ፤ አላለችም። «አባባ ሽሮው ጣፍጦኛል ብለዋል» እላለሁ፤ እሱን ግን ብለው ሊሆን ይችላል። እማማ እንደምቀጥፍ እያወቀች ዝም አለችኝ። አንድ ቀን እንዲያውም «ጋቢውን ደረበ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ማርያም የተሠራችው በዚያ ሳምንት ነው። ካርዱ ላይ ያለችው ሰማያዊ ለብሳ ተንበርክካለች። አባባ ካርዱን ለረጅም ጊዜ አዩና ወደ ጎን አደረጉት። ከግንዱ የወጣችው ማርያም በጎኗ ተኝታለች። ሻሽ አስራለች፣ ጋቢዋን እስከ አገጯ ስባለች፣ ፊቷ ሥራ ጨርሶ የተቀመጠ ሰው ፊት ነው። አንድ እጇ ከጋቢው ወጥቶ ጎኗ ላይ ተዘርግቷል፤ ሕፃኑ የሚመጣበት ቦታ። ጉንጯን ያለሰለስኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጠርሙስ ጨረስኩባት።

ሲስተር ሥራውን ልታይ ስትመጣ ማርያም ፊት ቆማ ግራ ተጋባች።

«አቶ ደምሴ፣ ለምን ተኛች?»

«ወልዳ ነዋ!»

«ካርዱ ላይ ግን ተንበርክካ ነው።»

«ሲስተር፣ ስንት ሴት አዋልደዋል? በወለደች ሌሊት የምትንበረከክ አራስ አይተው ያውቃሉ?»

ሲስተር አሰበች። እውነት በአእምሮዋ የቆጠረች ይመስለኛል። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ፤ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች «የለም። አንድም አላየሁም» አለች። ግመሎቹ ፈረስ መሆናቸውን ስታይ ደግሞ ምንም አልጠየቀችም። ሰብአ ሰገል በአርሲ ሲመጡ በምን ሊመጡ ነው?

እንደ እማማ ከሆነ፣ የዚያን ሰሞን ዶሮዎቹ ሁሉ ዳሱ ሥር ጥሬ ይሰርቁ ጀመር። «እሽ! እሽ!» እያለች በቀን አራት ጊዜ ትመጣለች። ዶሮ ግን አልነበረም። ቆማ ማርያምን ታያትና ትመለሳለች።

ነገሩ ቀበሌም ደረሰ፤ የመጣው ጓድ ሽፈራው ነው። ማኅደር በብብቱ፣ ኮፍያ በራሱ፤ እናቱ ከእማማ ጋር ማኅበርተኛ ናት፣ ወሬውን ከማን እንደሰማ ግልጽ ነበር። የሃይማኖት ቅስቀሳ እየተዘጋጀ ነው የሚል ጥቆማ ደርሶናል አለ።

«ምኑ ነው ቅስቀሳ?» አሉ አባባ። «ላም፣ አህያ፣ እረኛ፤ ማደሪያ አጥተው በረት የገቡ ድኻ ባልና ሚስት። ሰፊው ሕዝብ አይደለም እንዴ?»

ሽፈራው ተንበርክኮ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ሦስቱ ፈረሰኞች ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ዘውድ ደፍተዋል! ዘውድ አይቻልም ጋሽ ደምሴ። ዘውድ የቀረ ነገር ነው።»

አባባ አልተከራከሩም። መሮአቸውን አንሥተው እዚያው ፊቱ የሦስቱንም ዘውድ ጫፍ መለመሉት፣ ዙሪያውን አበጁትና ባርኔጣ አደረጉት። ገበያ የሚወርዱ ባላገሮች መሰሉ። ሽፈራው «አዎ፣ አሁን ልክ ነው» አለ። እማማ ንፍሮ አቀረበችለት፣ በላ፣ ማኅደሩን ሳይከፍት ሄደ።

ሁሉም ተጠናቀቀ፤ የቀረው ሕፃኑ ነው። አባባ ከዋንዛው ልብ ያወጧትን ቁራጭ ለይተው አስቀምጠዋታል፤ እያነሡ ያዩዋታል፣ ይመልሷታል። «ቀን አለን» ይሉኛል። እኔ ግን ቀን የለንም ባይ ነበርኩ። ምክንያቴን ለማን ልናገር?

ታኅሣሥ አሥራ አምስት ከሰዓት በኋላ የሚሲዮኑ ላንድሮቨር በራችን ላይ ቆመ። ሲስተር ወረደች።

«አቶ ደምሴ፣ አለቀሽ? ነገ ገና ነው።»

«የምን ነገ? አሥራ አራት ቀን አለ እኮ!»

ሁለቱም ተያዩ። ከወር ተኩል በላይ «ለገና፣ ለገና» ሲባባሉ የማንኛችን ገና ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የእኛ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ነው፤ የሲስተር አገር ገና ታኅሣሥ አሥራ ስድስት። ሽማግሌው ጠራቢም፣ አሥራ ምናምን ዓመት እዚህ የኖረችው አዋላጅም አላስታወሱትም።

እኔ የሚሆነውን አላየሁም። «ሕፃኑስ?» የሚለውን የሲስተርን ድምፅ እንደሰማሁ እግሬ አውጭኝ አልኩ። ልጅ ጎድሏታል፤ ልጅ ደግሞ እኔ አለሁ። እማማ አልጋ ሥር ገባሁና ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ሲጫን ሰማሁ፤ ላሟ፣ አህያው፣ ፈረሰኞቹ። «ግድ የለም፣ ግርግሙ ባዶ ይሁን» አለች ሲስተር፤ እንደከፋት ከድምፅዋ ያስታውቃል። መኪናው ተነሣና ሄደ።

ከዚያ የእማማን እግር አየሁ፤ የተሰነጠቀ ተረከዟን። በሩ ላይ ቆመ።

«ደምሴ» አለች። ከሃያ አራት ቀን በኋላ መጀመሪያ የጠራችው ስማቸውን ነው።

«አቤት።»

«አራሷን ብቻዋን ሰደድካት?»

«ቀኑ ተምታታብን አስካለ።»

«አራስ ያለ ልጇ ትተኛለች? እጇን ዘርግታ፣ ባዶ ጎኗን እየዳበሰች ትደር?»

አባባ በርጩማቸው ላይ ሲቀመጡ ሰማሁ።

«እኔ እንደዚያ ተኝቻለሁ። በኩሬን ቀብረህ ስትመለስ ጎኔን ስዳብስ ነው ያገኘኸኝ። ሴቶቹ ገንፎ ይዘው መጥተው፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለው፣ ፊቴን ማየት አቅቷቸው ጣራ ጣራ ሲያዩ። ከእንጨትም ትሁን አልችልም፣ ደምሴ። ተነሥ። ልጇን ጨርስላት።»

ከእናቴ በፊት ልጅ እንደነበረ የሰማሁት ከዚያ አልጋ ሥር ሆኜ ነው። እማማ ስታለቅስ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከተደበቅሁበት ወጣሁ፤ አቧራ በአቧራ ሆኜ። ማንም የት ነበርሽ አላለኝም።

ፀሐይ እስክትገባ ሠራን። አባባ ጠረቡ፣ እኔ ፋቅሁ፣ እማማ በርጩማ ስባ አጠገባችን ተቀመጠች። ሕፃኑ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ዓይኑን የጨፈነ፣ ክንድ የማይሞላ ነው። ዘይት ቀብተን ስንጨርስ እማማ ተቀበለችና ገለበጠችው። በመምሬ ፍርድ መሠረት ጀርባው ቅርፊት ነበር። እጇን አሳለፈችበት።

«ይሄ ይቆረቁራታል» አለች። ከአሮጌ ነጠላዋ ጫፍ ቀደደችና ጠቀለለችው።

በማግሥቱ ጠዋት ሕፃኑን ታቅፋ፣ በሌላ እጇ እኔን ይዛ ወደ ሚሲዮኑ መንገድ ገባች። የሚሲዮኑ አጥር ሲታየኝ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«አልሄድም! ልትሰጪኝ ነው!»

«ለማን ነው የምሰጥሽ?»

«ለነጯ! የእሷ ልጅ ነኝ አይደል? በእጇ ነው የወጣሁት!»

እማማ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ በጾሙ መጀመሪያ ጠፍቶ የነበረው ሳቋ መጣ፤ ጋሪ ነጂዎች እስኪዞሩ ሳቀች። ስታበቃ ጎንበስ ብላ እንባዬን በነጠላዋ ጠረገች።

«አንቺ ቂል። የወለደችሽ እናትሽ ናት። ሁለት ቀን አምጣብሽ። የማረችልን ማርያም ናት።» የታቀፈችውን ሕፃን አስተካከለች። «ያወጣችሽ ደግሞ ሲስተር ናት» አለች። ነጯ አላለቻትም።

ጸሎት ቤቱ ውስጥ ጭድ ተነጥፏል። ላሟ አለች፣ ዮሴፍ በትሩን ይዞ ቆሟል፣ ባለ ባርኔጣዎቹ ፈረሰኞች ተኮልኩለዋል። በግድግዳው በኩል ያለውን ቅርፊት ማንም አያይም። ማርያም እጇን ዘርግታ ተኝታለች። ሲስተር ክላራ ከጓዳ በኩል መጥታ እማማን ስታይ ባለችበት ቆመች።

እማማ ግርግሙን አላየችውም። ቀጥ ብላ ወደ አራሷ ሄደች፣ ተንበረከከች፣ ሕፃኑን እጇና ጎኗ መሐል አስተኛችላት። ጋቢውን የምታስተካክል ይመስል ጫፉን ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ አራስ በጠየቀች ቁጥር እንደምትለው ተናገረች፦

«እንኳን ማርያም ማረ…»

ቆመች። አራሷን አየች፣ እኔን አየች። ማርያምን እንኳን ማርያም ማረችሽ ይባላል እንዴ? አፏን በነጠላዋ ያዘች። ይቺን ቃል ከአንድ ሺሕ እናት አልጋ አጠገብ የሰማችው ሲስተር ናት ቀድማ የሳቀችው። ከዚያ እማማ። ጭዱ ላይ ቁጭ ብለው፣ አንዷ የአንዷን ክንድ ይዘው ሳቁ። ለምን እንደሚያለቅሱም ያኔ አልገባኝም።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን መሐላው አለ። እማማ ከአባባ ጋር እንደ ድሮዋ ትነጋገራለች፣ ጋቢ ትደርብላቸዋለች፣ ገና በቀረበ ቁጥር ግን ፊቷ ይጨልማል። አባባ አንድ ቀን «ራስሽ አይደለሽ ጨርሰው ያልሽኝ?» ቢሏት፣ «ያልኩትስ እኔ ነኝ። የማልኩት ግን በማርያም ነው» አለች። አባባ ከዚያ ወዲያ አላነሡትም።

የገና ዋዜማ እናቴ ከሮቤ መጣች። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዶሮው ቀርቦ ይጠብቀናል። እናቴና እኔ ተቀመጥን፣ አባባም ተቀመጡ። እማማ ጓዳ ገብታ ቀረች።

«እናንተ ጀምሩ» አለች ከውስጥ።

እናቴ ቆረሰች፣ እኔም ቆረስኩ። የአባባ እጅ ጉልበታቸው ላይ ነው። «ይብሉ እንጂ አባዬ» አለች እናቴ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በፊት አባባ ሽማግሌ መሆናቸውን አላስተዋልኩም ነበር።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። እማማ አፏን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ወጣች፤ ከንፈሯ ላይ ወጥ አለ። መጥታ ከአባባ ጎን ዘፍ አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

«እኔ ጓዳ ውስጥ ጾሜን ፈትቻለሁ። ብቻዬን። ማርያም ምስክሬ ናት፣ ካንተ ጋር አልፈታሁም» አለች። ቆረሰች፣ ከወጡ አጠቀሰች፣ ጠቀለለች። «አሁን እንዲያው ምሳ ነው የምበላው። አፍህን ክፈት፣ አንተ ጠራቢ።»

የአባባ እንባ ቀድሞ ወረደ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።